የሙሚና ቦታ

መተማ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሰይዳ፣ ገዳሪፍ።

ከክረምቱ ጭቃና ከንዳዱ አትርፎ ይህችን እንድጽፍልሽ ያበቃኝ አምላክ፣ አንቺንም ሱቅሽንም ደጅሽንም ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን አልፎ አልፎ ከሚወጋኝ በቀር ሕመም የምለው የለኝም።

ነጋዴው ኸሊል ሰሌዳዎቹንና ጠመኔውን አድርሶልኛል። አንዱ ሰሌዳ ከግመል ጭነት ላይ ወድቆ ለሁለት ተሰብሯል። እሱንም አልጣልነውም፤ ሁለት ልጆች ይጽፉበታል። ስምሽን ጠርቼ፣ ይህን የሰደደችላችሁ ሰይዳ የምትባል የኛው የመተማ ልጅ ናት፣ እሷም በናንተ ዕድሜ አባቴ ዘንድ ፊደል ቆጥራለች ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።

በላክሽው ደብዳቤ ስንቱ ማንበብ ቻለ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እውነቱን ልንገርሽ። ጣልያን የመንግሥቱን ትምህርት ቤት ለእህል መጋዘን ከወሰደው ወዲህ የምናስተምረው ከኬላው ጀርባ ዳስ ጥለን ነው። ሹሙ የፈቀደልኝ እስላሙን በዐረብኛ፣ ክርስቲያኑን በጣልያንኛ፣ ለየብቻ እንዳስተምር ነው። ጣልያንኛ የሚያውቅ መምህር ግን አልሰጠኝም፤ እኔም አላውቅም። ስለዚህ ሁሉም ባንድ ዳስ ይቀመጣል፤ የማውቀውን አማርኛና ሒሳብ አስተምራለሁ። የተመዘገበው ልጅ አርባ ነው። በነሐሴና በመስከረም ግማሹን ንዳድ ያስተኛዋል። ከንዳዱ የተነሣውን ደግሞ አሁን በጥቅምት ወላጆቹ ለሰሊጥ አጨዳ ይወስዱታል። አልፈርድባቸውም፤ ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ይረግፋል፤ ቢረግፍ ልጁ የሚበላው የለም። በታኅሣሥ ሲመለሱ የተማሩትን ረስተው እንደገና ከሀ እንጀምራለን። ሳይደናቀፉ የሚያነቡ ሰባት ቢሆኑ ነው። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚ ብዬ አይደለም፣ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ኪኒን ብታገኚ ከጠመኔም ከወረቀትም እሱን አስቀድሚልኝ።

ወንድምሽ ሸጋው

---

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሸጋው፣ መተማ።

አያቴና አያትህ ካንድ እናት ተወልደው አንዷ ለእስላም፣ አንዷ ለክርስቲያን ቢዳሩም ደሙ አንድ ነውና ሰላምታዬ እንደ እናት ልጅ ሰላምታ ይድረስህ። አላህ ጉልበትህን ያበርታው። እኔና ቤቴ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ስለነበረ ገበያው ሞቋል።

ኪኒኑን ከሐኪም ቤቱ ሰው ለምኜ አግኝቻለሁ። ለታናናሾቹ ግማሽ ግማሹን ስጣቸው ብሎሃል። መራራ ነው ብለው እንዳይተፉት በማር አድርግላቸው።

አሁን ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። እዚህ አንድ ግብጻዊ ኡስታዝና ሚስቱ ትምህርት ቤት ከፍተዋል። እሱ ወንዶቹን ባንድ ክፍል፣ እሷ ሴቶቹን በሌላ ክፍል ያስተምራሉ። የከተማው ነጋዴዎች ተሰብስበን ስንነጋገር፣ ከመተማ በኩል ለሚመጣ አንድ ልጅ ምግቡንና መጽሐፉን እንችልለት አልኳቸው። ብዙ ተከራክረው እሺ አሉኝ። ማደሪያው እኔ ቤት ይሆናል። ልጁ ከዐሥራ ሁለት ዓመት ያልበለጠ፣ በራሱ ፊደል አንብቦ የሚጽፍ፣ መደመር መቀነስ የሚችል እንዲሆን ነው የጠየቁት። ዐረብኛውን እዚህ ያስለምዱታል።

ሸጋው፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ላክልኝ። ወንድ ይሁን ሴት፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን ግድ የለኝም። አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ከአባትህ ደጃፍ ካንተ ጎን ተቀምጬ ማንበብ በጀመርኩበት ወር ነው ደርሳለች ብለው ለገዳሪፍ ሰው የዳሩኝ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር፤ በሱ አልከፋኝም። ግን እስከ ዛሬ ድረስ መጽሐፍ ሳይ ያልጨረስኩት ሥራ ያለ ይመስለኛል። ለዚህ ነው አደራ የምልህ።

እህትህ ሰይዳ

---

መተማ፣ ጥር 25 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሰይዳ፣ ገዳሪፍ።

የሰው ልጅ ለሰው ልጅ የሚያስብበትን ልብ የሰጠሽ ጌታ ዕድሜሽን ያርዝምልን። እኔ ደህና ነኝ። ኪኒኑ ደርሶ ብዙ ልጅ አስነሥቷል።

በገና ሰሞን ዳሱ ሊፈርስብን ነበር። ከጎንደር አንድ የጣልያን ሹም ከአስተርጓሚ ጋር መጥቶ፣ ልጆቹ የመንግሥቱን ቋንቋ ምን ያህል እንደተማሩ አያለሁ አለ። ካልተማሩ ቦታው ለበቅሎዎቹ ድርቆሽ ይፈለጋል ብሎ አስተርጓሚው ቀስ ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። ሹሙ አንዱን ልጅ አስነሥቶ እስከ ዐሥር ቁጠር አለው፤ ልጁ ዝም። ሌላውን አስነሣ፤ ዝም። በዚህ ጊዜ ሙሚና የምትባል የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳትጠራ ተነሣችና በጣልያንኛ እስከ ሃያ ቈጠረች። ቀጥላም ዳቦን፣ ውሃን፣ በቅሎን በቋንቋቸው ጠራችለት። ለካ ከእናቷ ከመጂዳ ጋር የጦር ሰፈሩ በር ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ ከወታደሮቹ ለቅማ ኖሯል። ሹሙ ሳቀና አንድ ነገር ጽፎ ሄደ። ዳሱም እስከ ዛሬ አለ። ታናናሾቹን ፊደል የምታስቈጥርልኝም ይህችው ልጅ ናት።

ስላገኘሽልን ቦታ ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም። ከኸሊል ጋር የምልክልሽ ደምለውን ነው። ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አባቱ ቋራ በረሃ እንደወጣ ቀርቷል፤ ለምን እንደቀረ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እዚህ አልጽፈውም። እናቱ ወይዘሮ አሰበች ባልወለደ አንጀት እንዳታየው ብላ እያለቀሰች አደራ ብላሻለች። ልጁ ፈጣን አይደለም። የያዘውን ግን አይለቅም።

ሙሚናንም አስቤ ነበር። እናቷ ያለሷ ማንም የላትም፤ ሴት ልጇን ወሰን አሻግራ የምትሰድድ አይመስለኝም።

ቀለም ያለቀብን መሆኑን ኸሊል ይነግርሻል።

ወንድምሽ ሸጋው

---

ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሸጋው።

ሙቀቱ የሱቁን ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ባጋለበት ወር፣ ለአንተ ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ እንዲያድልልህ አላህን እለምናለሁ።

ደምለው በደህና ደርሷል። ለአሰበች ንገርልኝ፤ ከራሴ ልጆች ለይቼ አላየውም፤ በልቶ ይጠግባል፤ እግሩ ላይ የነበረው ቁስል ድኗል። ኡስታዙ ሲፈትነው ንባቡን ቀስ ብሎ አነበበ። ሒሳቡ ላይ ብዙ ቆየ፤ ኡስታዙም እኔን አየኝ። ከመተማ ሌላ የመጣ ልጅ ስለሌለ ነው መሰለኝ ተቀበለው። አሁን ከክፍሉ ኋላ ነው። ከትምህርት መልስ የማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ የዐረብኛውን ፊደል አሊፍና ባ ሲጽፍ ያመሻል፤ ነገር ማቅለሉን አያውቅበትም እንጂ አይሰንፍም።

አንድ ቀን መቀነስ ሲያቅተው በጣቶቹ ፈንታ የባቄላ ፍሬ ደርድሮ አሥሩን ባንድ ሰብስቦ ሲሠራ አየሁት። ማን አሳየህ አልኩት።

«ሙሚና» አለኝ።

ሌላ ቀንም አንድ ቃል ሲያነብ ፊደሎቹን በዜማ እየከፋፈለ ነው። ይህንንስ ማን አሳየህ አልኩት።

«ሙሚና።»

መምህርህ ሸጋውስ ምን ያስተምራችኋል ስለው፣ «እሳቸው ለትልልቆቹ ናቸው። እኛን የምታስተምረን ሙሚና ናት» አለኝ። በዚያን ጊዜ ሳቅኩ። ኋላ ግን ስቄ ብቻ መተው አልቻልኩም።

እናቷ የምትሰድዳት አይመስለኝም ብለሃል። ጠይቀሃታል ወይ? ካልደፈርክ እኔ ላናግራት። እኔም ሴት ነኝ፣ እስላም ነኝ፣ መተማ የተወለድኩ ነኝ፤ እኔ ቤት እንደምታድር ስትሰማ ልቧ ሊረጋ ይችላል። ለሚመጣው ዓመትም ቦታው አለ ብለውኛል። ልጅቱ ግን ዕድሜዋ እየገፋ ነውና አታቆየው።

ቀለሙን ልኬአለሁ።

እህትህ ሰይዳ

---

መተማ፣ መስከረም 18 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሰይዳ።

ከዘመን ዘመን ላሸጋገረን፣ ወንዙም ጎሎ መንገደኛ ለማለፍ ለበቃበት ቀን ምስጋና ይሁን። አዲሱን ዓመት የሰላም ያድርግልሽ።

ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ክረምቱ መንገድ ስለዘጋ ነው። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ እኔም ንዳድ ይዞኝ ተኝቼ ነበር። ያም ሆኖ ትምህርቱ አልተቋረጠም። ዳሱ ውስጥ ባልኖርም ልጆቹ ይሰበሰቡ ነበር። ዘንድሮ ሳይደናቀፍ የሚያነበው ወደ ዐሥራ ስምንት ደርሷል። ዳሱ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ዓመት አላየንም። ወላጆችም ይህን አይተው አንዳንዶቹ ልጃቸውን ከአጨዳው በፊት ጥቂት ሰዓት እየለቀቁልኝ ነው።

ስለ ደምለው የጻፍሽውን ለእናቱ አነበብሁላት። ደጋግሜ እንዳነብላት ለምናኝ ደጋግሜ አነበብሁላት።

የሙሚናን እናት ስለማነጋገር ያልሽውን አይቻለሁ። ጊዜው ሲመች እንነጋገርበታለን።

ኪኒን እንደገና ያስፈልገናል። ካርታ ከተገኘም፣ ያረጀም ቢሆን፣ ልጆቹ ከሸሕዲና ከጎንደር ወዲያ ያለውን አገር በዐይናቸው ቢያዩት ጥሩ ነበር።

ወንድምሽ ሸጋው

---

ገዳሪፍ፣ የካቲት 16 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለመምህር ሸጋው፣ መተማ።

ጤናዎን አላህ ይጠብቅ።

ባለፈው ማክሰኞ መጂዳ ከኸሊል ጓዝ ጋር በርበሬ ይዛ ገዳሪፍ ገበያ መጥታ ነበር። የመተማ ሴት መሆኗን ከአነጋገሯ ለይቼ ስሟን ስጠይቃት ነገረችኝ። ሱቄ አስገብቼ አስቀመጥኳት። ልጅሽን በመከልከልሽ አዝኜብሻለሁ አልኳት።

«ከምኑ ነው የከለከልኋት?» አለችኝ።

ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ቦታው፣ እኔ ቤት ስለማደሯ፣ ደምለው ስለመምጣቱ ሁሉንም ነገርኳት። አፏን ይዛ ሰማችኝ። ደምለው የሄደው ዘመድ ስላለው ነው ብላ ነበር የምታስበው። ኋላ እንዲህ አለችኝ፤

«አንድ ሰው አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ በእግሬም ቢሆን አመጣት ነበር። መምህሩ ልጄን እንደ ዐይናቸው ነው የሚያዩዋት። ምነው ታዲያ?»

ለራሴም መልሱን አላወቅኩትም፤ ወይም አውቄው ልናገረው አልወደድኩም።

አንድ ዓመት ሙሉ ለነጋዴዎቹ፣ እናቷ እሺ አላለችም እያልኩ ሳስረዳ ኖሬአለሁ። ለምን እንዳልጠየቋት ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

ኪኒኑንና ካርታውን ልኬአለሁ። ልጆቹ አልበደሉኝም።

ሰይዳ

---

መተማ፣ ግንቦት 24 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሰይዳ።

የተቀየመን ልብ የሚያለዝብ አምላክ በመካከላችን ይግባ። አንቱ ብለሽ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ካገኘሁ ሦስት ወር አልፎኛል። አባቴ ደጅ ካንድ ሰሌዳ ላይ የተማርን ሰዎች ነን፤ አንቱታሽ ከስድብ ይልቅ ከብዶኛል። የሚገባኝም ነው።

መጂዳን አልጠየቅኋትም። አልጠየቅኋትም የምልሽ እምቢ ትለኛለች ብዬ አይደለም። እሺ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነው።

ሁኔታውን ልንገርሽ፤ ፍርዱን አንቺ ስጪ። አርባ ልጅ አለ፤ መምህሩ እኔ ብቻ ነኝ። ሀ ያልቈጠረውና ማካፈል የጀመረው ባንድ ዳስ ነው ያለው። አንዱን ሳስተምር ሌላው ድንጋይ ይወራወራል። ሙሚና ታናናሾቹን መያዝ ከጀመረች ወዲህ ነው ይህ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የመሰለው። ክረምቱን ንዳድ ሲጥለኝ ዳሱን ያቆመችው እሷ ናት። ያ ዐሥራ ስምንት አነበበ ብዬ የኮራሁብሽ ቁጥር የእሷ ሥራ ነው። እሷን ብሰጥሽ አንድ ልጅ ይማራል፣ አርባው ይበተናል አልሁ። ስሌቱ ትክክል መሰለኝ። ደምለውን መላኬም፣ አባቱ የሞተበት ነው፣ ይገባዋል እያልሁ ራሴን አሳመንሁ።

መጂዳ ከገዳሪፍ እንደተመለሰች ለልጇ ነገረቻት። በማግስቱ ልጆቹ ሲበተኑ ሙሚና ቀረች። ሰሌዳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ፣

«እኔ ቦታ ነበረኝ?» አለችኝ።

ነበረሽ አልኋት።

«ደምለው ከእኔ ይበልጣል?»

አይበልጥም አልኋት። ያላንቺ ይህን ዳስ ማቆም አልችልም፣ ለዚህ ነው አልኋት። ይህን ስናገር ለእኔ ምስጋና መስሎ ተሰማኝ። ለእሷ ግን አልነበረም።

«ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ እኔው እመርጥ ነበር» አለችኝ። «ምናልባትም እቀር ነበር። አሁን ግን እቀር እንደነበር አላውቅም።»

ከዚያ ቀርታ ሰነበተች። ታናናሾቹን እኔ ያዝሁ። ለካ ታናናሽ ማስተማር ረስቼ ኖሯል። እጮህባቸዋለሁ፤ ያለቅሳሉ። ወላጆቻቸው መጥተው ምን ሆነሃል ይሉኛል። በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ስገባ ሙሚናን ታናናሾቹ መካከል ተቀምጣ አገኘኋት። ለእኔ ስትል አልመጣችም። «የጀመርኋቸውን ፊደል ጨርሼላቸው ነው የምሄድ» አለችኝና ፊቷን መለሰች። ባለፈው ሳምንት ጨረሰችላቸው። ለዚህ ነው መልሴ የዘገየው፤ ከእሷ ጋር ልልከው ፈልጌ ነው።

አሁን ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ የምትመጣው ራሷ ናት። እናቷም አብራ ናት። ኸሊል ዝናቡ ሳይዘጋው፣ የሚወራውም ጦርነት ሳይደርስ ላሻግራቸው ብሏል። ደብዳቤውን አልለጠፍሁትም። መንገድ ላይ ብታነበው የተጻፈው ስለ እሷ ነው፣ ታንብበው።

የምጠይቅሽ ነገር የለኝም።

ሸጋው

---

ገዳሪፍ፣ መጋቢት 3 ቀን 1933 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሸጋው፣ ያለህበት ቦታ።

በሕይወት ካለህ አላህ ይህችን ወረቀት ካንተ ያገናኛት። ሙሚና በደረሰች በሳምንቱ ጦርነቱ ተጀምሮ መንገዱ ተዘጋ። የጻፍኩልህን ደብዳቤ ወሰኑ ላይ ከገላባት መለሱልኝ። በኅዳር የመድፉ ወሬ ሲመጣ መተማ ጠፍታለች ተብሎ አለቀስን። ደምለው ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። አሁን ጣልያን ወጥቷል፣ ሰው ወደ ሸሕዲ ሸሽቶ ተርፏል ሲሉኝ ነው ይህን የጻፍኩት። የአሰበችንም ደህንነት ጻፍልኝ፤ ልጁ በየቀኑ ይጠይቀኛል።

አንቱ ማለቱን ትቼዋለሁ። ጦርነት መካከል ሰው ቂሙን ይዞ መቀመጥ አይችልም። ያደረግኸውን ግን ልክ ነው አላልኩም።

የሆነውን ልንገርህ። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሙሚናን ይዤ ሄድኩ። የኡስታዙ ሚስት ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻትና ስንት ዓመቷ ነው አለችኝ። ዐሥራ ሦስት አልፏታል አልኳት። ደንቡ ከዐሥራ ሁለት በላይ አይፈቅድም፣ አዝናለሁ አለች። ለመንኳት፤ ትፈተን አልኳት። ሙሚና በአማርኛ አነበበች፣ ሒሳቡንም በቃሏ ሠራች። ሴትዮዋ ገርሟት እንዲህ ዓይነት ልጅ የት ነበረች ብላ ጠየቀችኝ። ታናናሾችን ታስተምር ነበር አልኳት። ይሻላል ብዬ ነበር የተናገርኩት። ሴትዮዋ ደስ አላትና፣ እንግዲያውስ ተማሪ መሆን ባትችልም የሕፃናቱን ክፍል ትያዝልኝ፣ ደመወዝም እንሰጣታለን አለች።

ይህን ለሙሚና ተረጎምኩላት። ጥሩ ዕድል መስሎኝ ነበር። ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝና፣

«ማስተማሩን አስተምሬያለሁ። አሁን መማር ነው የፈለግሁ። እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ» አለች።

እንዳለችው ነገርኩላት። ሴትዮዋ ደንቡን ደገመችው። ያን ጊዜ ሙሚና፣ ከሕፃናቱ ጋር ያስቀምጡኝ፣ እንደ መምህር ሳይሆን እንደ እነሱ፣ አለች። ሴትዮዋ ብዙ አሰበች። ለሕፃናቱ ክፍል ማንም ዕድሜ አይቈጥርም፣ ትምጣ አለች።

ስለዚህ ሸጋው፣ መተማ ላይ አርባ ልጅ ፊደል ያስቈጠረች ልጅ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር አሊፍ ስትል ከረመች። አግዳሚው ስለማይበቃት ከኋላ መሬት ላይ ተቀምጣ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሕፃናቱ ሳቁባት። እናቷ መጂዳ በር ላይ ሆና አይታት ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ ሄደች። ሙሚና ግን አንዴም አላማረረችም። ባለፈው ወር ወደ ሁለተኛው ክፍል አሳልፈዋታል። ደምለው ከሷ ሁለት ክፍል ይቀድማል። ዐረብኛው ሲቸግራት የሚያስረዳት እሱ ነው፤ ሲያስረዳት ፊቱ ይቀላል፤ ቀና ብሎም አያያትም። ኡስታዙ ስለ እሱ፣ ፈጣን አይደለም፣ ግን የተማረውን ሁለተኛ አትነግረውም ይለኛል።

ስላንተ አትጠይቀኝም። ስላንተ ሲወራ ግን የያዘችውን ሥራ አቁማ ታዳምጣለች።

እህትህ ሰይዳ

---

ሸሕዲ፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሰይዳ፣ ገዳሪፍ።

ከመድፍ ያተረፈን አምላክ፣ ርቀን ሳለን ያልጣልሽንን አንቺን ከነልጆችሽ ይባርክልኝ። አለሁ። አሰበችም አለች፤ ልጅሽ ከሙሚና ሁለት ክፍል ይቀድማል ብዬ ሳነብላት መሬት ስማለች። ዳሱ ከነሰሌዳዎቹ ተቃጥሏል። ከኬላው ወዲህ ቆሞ የቀረ ቤት ጥቂት ነው። ሰዉ ሲሸሽ እኔም ያገኘኋቸውን ልጆች ይዤ ወደ ሸሕዲ መጣሁ። ሁለቱ በመንገድ ንዳድ ይዟቸው ሞቱብን። ስማቸውን ለደምለው እንዳትነግሪው፤ አንዱ ጓደኛው ነበር፤ እኔው አንድ ቀን እነግረዋለሁ።

ስለ ሙሚና የጻፍሽውን አንብቤ ደብዳቤውን አጥፌ አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ከሕፃናት ጋር መሬት ላይ መቀመጧን አስባለሁ። የኔን ስሌት ደግሞ አስባለሁ። በዚያ ዓመት ያነበቡት ልጆች ዛሬ ግማሾቹ የት እንዳሉ እንኳ አላውቅም። ቢሆንም አነበቡ፤ ይህም የሆነ ነገር ነው። ሁለቱን ባንድ ሚዛን ላስቀምጥ ስሞክር እጄ ይዝላል። ስለ እሷ ይህን ብቻ ልበልሽ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ ብለሽ ከእኔ እንዳትነግሪያት። ይቅርታ ከጠየቅኋት ልትመልስልኝ ልትገደድ ነው። ብዙ ነገር ሳትጠየቅ ሰጥታኛለች፤ ይህንን ደግሞ አልጠይቃትም።

እዚህ ከፋሲካ ወዲህ ከአንድ ዋርካ ሥር ማስተማር ጀምረናል። ሹመት የሚሰጥ ሹም ገና አልመጣም፤ መጥቶም ሁለተኛ መምህር ይሰጠኛል ብዬ አልጠብቅም። ወደ ሃያ ልጆች አሉ። አብዛኞቹ ጦርነቱ ሲመጣ የተማሩትን ጥለውት ነው የሸሹት። ጽሕፈቱ በከሰል ጣውላ ላይ ነው።

ከመካከላቸው ጀይሉ የሚባል የሰሊጥ ነጋዴ ልጅ አለ። ገና ዐሥር ዓመቱ ነው። ነገሩን ሳልጨርሰው ይቀድመኛል። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ለትልልቆቹ ሒሳብ ልሰጥ ዘወር ስል፣ ታናናሾቹ ድንገት ጸጥ አሉ። ዘወር ብዬ ሳይ ጀይሉ መካከላቸው ተቀምጦ፣ ጣቱን በጣውላው ላይ እያስኬደ ያስቈጥራቸዋል። ማንም አላዘዘውም። ልጆቹ ዐይናቸውን ጣቱ ላይ ተክለዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ደስ አለው። በዚያች ጸጥታ ትልልቆቹን ምን ያህል ላስተምር እንደምችል በአንድ ጊዜ ታየኝ።

ጥቂት ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ተጠግቼ፣ ጀይሉ፣ ተነሥና ቦታህ ተቀመጥ፣ የራስህን ተማር አልሁት። ያጠፋ መስሎት አቀረቀረ። አላጠፋህም፣ ደግ ነው የሠራኸው፣ ግን ያንተ ሥራ አይደለም፣ የኔ ነው አልሁት። ታናናሾቹ እንደገና መንጫጫት ጀመሩ። ትልልቆቹም ሒሳባቸውን ሳያገኙ ቀኑ አለቀ። የልጆቹ ወላጆች ዘንድሮ ልጆቻችን ዘገዩ እያሉኝ ነው፤ እውነታቸውን ነው። እስከ ክረምቱ ፊደል የሚጨርሱ ጥቂት ይሆናሉ። ደግ አደረግሁ ወይስ ሌላ ጥፋት ጨመርሁ፣ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ሳልጮህ ታናናሾቹን ለማስተማር እየሞከርሁ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይሆንልኛል።

ጀይሉ ትናንት ማካፈል ጀመረ።

ወንድምሽ ሸጋው